ካሳው ለማን ነበር?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ ለመናገር የሚከብድ፣ በቤት ውስጥም በሹክሹክታ እንጂ በግልጥ የማይወራ ነው። ይኸውም በጠለፋ፣ በመደፈር፣ ወይም ሌላ ሰው ገንዘብ እንዲያገኝባት በመደረጓ የተጐዳች ልጅ ኑሮዋን መልሳ እንድታቆም አገራችን ከጥንት እስከ ዛሬ ምን አደረገችላት የሚለው ነው። መነሻችን ዋግ ትሁን።

ዋግ ከላስታ በስተ ሰሜን፣ ከተከዜ በስተ ምሥራቅ ያለ ደጋና ገደላማ አገር ነው። ዋና ከተማው ሰቆጣ በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከሚራገፍባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ሕዝቡ አገው ሲሆን ቋንቋው ኽምጣና ይባላል። አገሩን ዋግሹሞች ዘር ከዘር ሲገዙት ኖረዋል፤ ከነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ይህን መጥቀሳችን ዋግ የቈየ ሹመትና የተከበረ ሽምግልና ያለው አገር መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ልጅ በተጠለፈች ጊዜ በደጋው አገር ሁሉ የሚደረገው የታወቀ ነበር። የልጅቱ አባት ይቈጣል፤ ወንድሞቿ ጠመንጃ ያነሣሉ፤ የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ድንጋይ ተሸክመው፣ እግር ላይ ወድቀው ይለምናሉ። በመጨረሻ ካሳ ይቈረጥና ጠለፋው ጋብቻ ይባላል። ይህን ሥርዐት በደፈናው መንቀፍ አይገባም። ዳኛ በራቀበት፣ ደም ደምን በሚጠራበት አገር ሽምግልና ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። ነገር ግን ሂሳቡን ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያያል። ከብቱን የሚረከበው አባት ነው፤ ክብሩ የሚመለስለት ወንድም ነው፤ ሰላም የሚያገኘው ጎረቤት ነው። ልጅቱ ግን ለዚያው ለበደላት ሰው ትሰጣለች። ተበዳይዋ አንዷ ሆና ሳለ ካሳ ተቀባዩ ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው።

ቋንቋችንም ለዚህ ምስክር ነው። «ደፈረ» ስንል ጀግንነትን እናስባለን፤ «ተደፈረች» ስንል ደግሞ ያን ሌላውን ክፉ ነገር። የደፋሪው ድፍረት በማን ላይ ነበር? «ቤቴን ደፈረኝ» ብሎ የሚጮኸው አባወራው ነው እንጂ ልጅቱ አይደለችም።

እንግዲህ ከሽማግሌው ጥላ ወደ መንግሥት ሕግ እንለፍ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውና በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ረቂቁ የተዘጋጀው በስዊሱ የሕግ ሊቅ በፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ነበር። ሕጉ በዘመኑ እጅግ የተደነቀ ነው። ጠለፋንም ወንጀል ብሎታል፤ ቅጣቱም ከ3 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነበር። ሆኖም በአንቀጽ 558 እና በአንቀጽ 599 አንድ በር ክፍት ተወ። ልጅቱ ከጠላፊዋ ወይም ከደፈራት ሰው ጋር «በነጻ ፈቃድዋ» ከተጋባች፣ ጋብቻውም በሕግ ካልፈረሰ፣ ክሱ ይቀራል። በጕልበት ተወስዳ፣ በጠላፊዋ ዘመዶች ቤት ተዘግቶባት የሰነበተች የ14 ዓመት ልጅ ነጻ ፈቃድ ምን ዐይነት ፈቃድ ነው? ሕጉ ይህን አልጠየቀም። እንዲያውም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበርና ጠላፊው ጥቂት መታገሥ ብቻ ይበቃው ነበር።

ይህ ግን የኛ ብቻ ጕድ አልነበረም። በኢጣልያም የዚህ ወንድም የሆነ አንቀጽ ነበረ። በ1958 ዓ.ም. በሲሲልያ ደሴት፣ አልካሞ በምትባል ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ያገሩ ልማድ ጠላፊዋን አግብታ ነገሩ እንዲሸፈን ያዝዝ ነበር። እርስዋ ግን አላገባም አለች፤ አባትዋም ከጎንዋ ቆሙ። ጠላፊው 11 ዓመት ተፈረደበት። ያም ሆኖ አንቀጹ ከኢጣልያ ሕግ የተሰረዘው እንደነርሱ አቈጣጠር በ1981 ነው። አንዲት ልጅ አፍዋን ሞልታ እምቢ ካለች በኋላ ሕግ አውጪው ከጀርባዋ ለመድረስ 15 ዓመት ያህል ፈጀበት።

የኛዋ እምቢ ባይ የተነሣችው ከአርሲ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ በአሰላ አካባቢ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች አፍነው ወሰዷት፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክር ባገኘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ተኵሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ሆነላት፤ የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ናቸው። ፍርድ ቤቱ ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ፍርድ ቤቱ ነጻ ቢያወጣትም ልጅቱ ወደ ትውልድ መንደርዋ ተመልሳ በሰላም ልትኖር አልቻለችም። ሕግ በአንድ በኩል ሲፈታት መንደሩ በሌላ በኩል አባረራት። ፍርድ ማግኘትና ኑሮን መልሶ ማቆም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻዋል?

ሌላም ጉዳይ አለ። እንደዚሁ በአርሲ፣ በ1993 ዓ.ም. የ13 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ተጠለፈች፤ በግድም የጋብቻ ውል አስፈረሟት። በ1995 ዓ.ም. ጠላፊው 10 ዓመት፣ አራቱ ተባባሪዎቹ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ በይግባኝ ተለቀቁ። ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ተወሰደ፤ ኮሚሽኑም በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለልጅቱ 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍላት ወሰነ። ለአባትዋ ወይም ለዘመዶችዋ አይደለም፤ ለራስዋ ነው። ከዋግ ሽማግሌዎች ከብት እስከዚህ ውሳኔ ድረስ ያለው መንገድ ምን ያህል ረዥም እንደ ሆነ አድማጭ ይመዝነው።

በዚህ መካከል ሕጋችን ተለውጦ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ የድሮው ትልቁ ቅጣት የዛሬው ትንሹ ቅጣት ሆነ ማለት ነው። ጋብቻ ከክስ እንደማያድንም በአንቀጽ 587 በግልጥ ተጻፈ። ተደፍራ ያረገዘች ሴትም እርግዝናው በሕክምና እንዲቋረጥላት ስትጠይቅ ቃልዋ ብቻ ይበቃል፤ ሌላ ማስረጃ አምጪ አትባልም። ለ47 ዓመታት ያህል ክፍት የነበረው በር በዚህ ተዘጋ።

በር መዝጋት ግን ልጅቱን ቤት አላስገባትም። ከፖሊስ ጣቢያ ወጥታ ዛሬ ማታ የት ትደር? ይህ ጥያቄ ከሕግ መጻሕፍት ሁሉ ይከብዳል። ያለ ዕድሜዋ ከተዳረችበት ሸሽታ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የወረደችውን የደጋ ልጅ አስቀድሞ የሚቀበላት ደላላ ነው። መጀመሪያ ለቤት ሠራተኛነት ይቀጥራታል፤ ከዚያ ወደ ጠላ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቡና ቤት ትሻገራለች። ሕጋችን ገላዋን የምትሸጠውን ሴት አይከስም፤ በርስዋ የሚነግደውን ግን ይቀጣል። ኢትዮጵያ በ1973 ዓ.ም. ማብቂያ የተቀበለችው የ1949 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 16 እንዲህ ያሉ ሴቶች ወደ ኑሮ እንዲመለሱ መንግሥታት እንዲረዱ ያስገድዳል። በዚህ ረገድ አስቀድሞ የተንቀሳቀሰው ከመንግሥት ቢሮ ይልቅ የግለሰቦች በጎ ፈቃድ ነው። የሕግ ባለሙያዋ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባና በአዳማ መጠለያ ከፍቶ ምግብ፣ ሕክምና፣ ምክርና የእጅ ሥራ ትምህርት ሲሰጥ ቈይቷል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው ማዕከልም ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን ባንድ ስፍራ አገናኝቶ ልጅቱ ታሪክዋን በየቢሮው ደጋግማ ከመናገር እንድታርፍ አድርጓል።

ስለ እጅ ሥራው ግን አንድ አስተያየት ይፈቀድልኝ። የልብስ ስፌት መኪና ሰጥቶ ማሰናበት ቀላል ነው፤ ፎቶግራፍም ያምራል። ይሁን እንጂ ደንበኛ በሌለበት፣ የቤት ኪራይ በየወሩ በሚጠየቅበት ከተማ መኪናው በሦስተኛው ወር ይሸጣል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ10 ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው፣ ሸሽተው አዲስ አበባ የገቡ ነበሩ። ያቆማቸው ትምህርት፣ ከዚያም ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ኋላ በድርቁ ዘመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ ከረኀብተኛው መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ ብዙ ሺህ ልጆች አሳደጉ።

ወደ ዋግ እንመለስ። የሰቆጣ ስም በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘንድ የሚታወቀው በ1977ቱ ረኀብና ኋላ በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በወጣው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ግን ሌላ ቍስል ጨመረባት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የትግራይ ኃይሎች ሰቆጣን ያዙ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ለቀቁ። ከዚያም በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማዋና በዙሪያዋ ሰፈረ። በዚህ ጦርነት የሴት ገላ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በትግራይ 63 ሴቶችንና ልጃገረዶችን አነጋግሮ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች እንዲሁም የአማራ ታጣቂዎች ያደረሱባቸውን፣ በጋይንት ንፋስ መውጫ ደግሞ 16 ሴቶችን አነጋግሮ የትግራይ ተዋጊዎች ያደረሱባቸውን ግፍ ጽፏል። የወገን ልዩነት ሳያደርግ ሁለቱንም ማንበብ ይገባል።

የንፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። ይህን ከንብረት ጥፋት ጋር ብቻ የሚቈጥረው ሰው ይሳሳታል። የተደፈረች ሴት የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና መድኃኒት ቤቱን የዘረፈ ያችን ሦስት ቀን ጭምር ዘርፏታል። በዋግ ገደላ ገደል መንገድ ደግሞ ሦስት ቀን በእግር ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ለሰቆጣ የሚበጀው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ማዕከል ሳይሆን በየወረዳው ጤና ጣቢያ የተቀመጠ መድኃኒት፣ በኽምጣና የምትናገር አንዲት ነርስና የሚቈለፍ በር ያለው አንድ ክፍል ነው። ሰው በአፍ መፍቻው ያልነገረውን ሕመም በሌላ ቋንቋ ሊነግር እጅግ ይቸገራል።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለተጐጂዎች ካሳ እንደሚገባ ይናገራል። የዋግ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት የጥንቱ ጥያቄ በዚህ ወረቀት ላይ መልሶ መጣ ማለት ነው። መዝገቡ በአባወራ ስም ከተሞላ፣ ልጅቱም ስለ ራስዋ ለመመስከር የባልዋን ወይም የአባትዋን ፈቃድ የምትጠየቅ ከሆነ፣ ገንዘቡ እንደ ቀድሞው ከብት ወደ ሌላ በረት ይገባል። በየወረዳው ቅጹን የሚያዘጋጀው ጸሐፊ ከመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጽፈው የማንን ስም እንደ ሆነ፣ የባንክ ደብተሩም በማን ስም እንደሚከፈት፣ ምስጢሩም በየትኛው ሣጥን እንደሚቈለፍ በመመሪያ ተለይቶ ሊታወቅ ይገባዋል።