ከተፈታኙ በፊት

የማትሪክ ወረቀቴን ካስረከብኩ ወዲህ ዳግም አላየኋትም። የአሜሪካኖቹን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ የኤስ.ኤ.ቲን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለችኝም እሷው ናት።

ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1926 ከ8,000 ለሚበልጡ ተማሪዎች ተሰጠ። ነጥቡ የሚላከው ለኮሌጆችና ለትምህርት ቤቶች ነበር፤ ተፈታኙ የገዛ ነጥቡን እንዲያይ የተፈቀደለት ግን በ1958 ነው። 32 ዓመት ሙሉ! ልጁ ስለ ራሱ ያላወቀውን፣ አይቶት የማያውቅ የኮሌጅ ጸሐፊ ያውቅለታል። እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

በ2005 የ25 ደቂቃ ድርሰት ተጨመረ። ሁለት አራሚዎች ለየብቻቸው ከ1 እስከ 6 ይሰጡት ነበር። ነጥቡ የተላከለት ኮሌጅ ከፈለገ ድርሰቱን ራሱን፣ ከነስርዝ ድልዙ፣ ማየት ይችል ነበር። በ2009 ደግሞ ደጋግሞ የተፈተነ ተማሪ የትኛው ቀን ውጤቱ እንደሚላክለት የመምረጥ ዕድል አገኘ፤ «ሁሉንም አምጣ» የሚሉ ኮሌጆች ግን አልጠፉም። ድርሰቱ በ2016 በውዴታ ሆነ፤ በ2021 ለአብዛኛው ተፈታኝ ቀረ።