የንግድ ስልትና የኤሌክትሮኒክ ንግድ መጻሕፍት አመራረጥ

በአርብ ገበያና በአካባቢው ንግድ ለመጀመር ወይም ሥራቸውን በኤሌክትሮኒክ ግብይት ለማስፋት የሚፈልጉ ዜጎች መጽሐፍ ከመግዛታቸው በፊት የታተመበትን ዓመት እንዲመለከቱ ይመከራል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የደነገጋቸው ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል። በቀድሞው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 2 ሰዎች ያስፈልጉ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በአሮጌ መጽሐፍ የሚመራ ሰው ለስም ያህል ዘመዱን አባል አድርጎ፣ ኋላ የድርሻ ክርክር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በመጽሐፉ መጠቀሱን ማየት ተገቢ ነው።

ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ መጻሕፍት በአብዛኛው ገዢው በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍል፣ ዕቃውም እስከ ቤቱ ደጃፍ እንደሚደርሰው አድርገው ይነሳሉ። ከአርብ ገበያ ማር ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበላል፤ ማሩንም በአውቶብስ ይጭናል። ስለዚህ ማውጫውን ገልጠው ስለ አስተሻሸግ፣ ስለ ማጓጓዣ ወጪና ስለሚመለስ ዕቃ የሚያስረዳ ምዕራፍ መኖሩን ያረጋግጡ። በአጭር ጊዜ ባለጸጋ አደርጋለሁ የሚል ሽፋን ይህን አይተካም። በአንጻሩ ወጪን ስለ ማስላትና የደንበኛን ፍላጎት ስለ ማጥናት በሚገባ የተጻፈ መጽሐፍ ቢቆይም ይጠቅማል።

ስለ ምዝገባና ፈቃድ መጽሐፉ የሚለው የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ከሚሰጠው መረጃ ጋር ከተለያየ፣ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ የወጣውን አዋጅ መመልከት ይቻላል።