«ማክረም»፦ የተሽከርካሪ ቤትን ቧንቧ ከውርጭ የማዳን ሥራ ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

በሰሜን አሜሪካ ብርዱ በሚጠናባቸው ግዛቶች ተሽከርካሪ ቤት ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር አንድ ሥራ ይሠራል። ተሽከርካሪ ቤት የምንለው በራሱ ሞተር የሚሄደውን፣ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለውን መኪና ነው። ሥራውም ውሃውን ከታንከሩ፣ ከቦይለሩና ከቧንቧው አውጥቶ፣ በምትኩ ውርጭ የማይጎዳው ፈሳሽ አስገብቶ፣ መኪናውን እስከ ሚያዝያ ድረስ ማቆም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን በአንድ ግስ «ዊንተራይዝ ማድረግ» ይሉታል። ግሱ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተለመደ አዲስ ቃል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በካናዳ አልበርታ ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሚኖሩ ለዚህ ቃል አማርኛ አቻ መፈለጉ ቅንጦት አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን «ለክረምት ማዘጋጀት» ብሎ መተርጎም በቂ መስሎ የሚታየው ነገሩን ሳይመረምሩት ሲያልፉ ነው። በትርጉሙ መንገድ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ፤ አንዱ የወቅት፣ ሌላው የመርዝ።

ከወቅቱ እንጀምር። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ዘመን ነው። ውርጭ ግን የክረምት ልጅ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን አካባቢ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በጠራበት በመፀው ወራት ነው። ስለዚህ «ክረምት ሳይገባ ውሃውን አፍስስ» የሚል መመሪያ በሰሜን ሸዋ ላደገ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያሳስበው ሰኔን ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሰኔ ተሽከርካሪ ቤቱ ከቆመበት ወጥቶ ሽርሽር የሚጀመርበት ወር ነው።

ይህ መደናገር ግን የስንፍና ውጤት አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። የግእዝ ተርጓሚዎች በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ሽሽቱ በብርድ ወራት እንዳይሆን የሚለውን ቃል ከጽርእ ሲመልሱ «ክረምት»ን መረጡ። ለሜዲትራኒያን ሰው ብርዱና ዝናቡ በአንድ ወራት ይመጣሉ፤ ለደጋው ሰው ግን ተለያይተዋል። ተርጓሚዎቹ ከሁለቱ ዝናቡን፣ ማለትም መንገድ የሚዘጋውን፣ ጉዞ የሚከለክለውን ያዙ። የምንባቡም ሐሳብ ሽሽት ስለሆነ ምርጫቸው ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። አውሮፓውያንም ወደ ሞቃት አገር በሄዱ ጊዜ ይህንኑ መንገድ በተቃራኒው ተጉዘዋል። በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የኢትዮጵያን የዝናብ ወራት በአገሩ የብርድ ወራት ስም ይጠራዋል። በሴኔጋል የሚነገረው ፈረንሳይኛ «ኢቬርናዥ» ሲል የዝናብን ወቅት ነው፤ የመካከለኛው አሜሪካ ስፓኝኛም «ኢንቪየርኖ»ን እንዲሁ ይጠቀምበታል። የብርዱ ስም ወደ ዝናቡ የተዛወረው ሁለቱም ሰውን ከቤት የሚያውሉ፣ ሥራን የሚያቋርጡ ወራት በመሆናቸው ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። «ክረምት» የሚለው ስም ከዝናቡ ጋር ቢጣበቅም «ከረመ» የሚለው ግስ ከዝናቡ ርቆ ሄዷል። «እንዴት ከረማችሁ» ስንል ስለ ዝናብ አንጠይቅም። «ለከርሞ» ማለት ለሚመጣው ዓመት ነው። «የከረመ እህል» ጊዜ ያለፈበት ነው፤ «መክረሚያ» ደግሞ የችግሩ ወራት እስኪያልፍ ድረስ የሚቆዩበት ስንቅ ነው። የግሱ እምብርት እንግዲህ የማይመች ወቅትን ቆይቶ ማሳለፍ ነው። አድራጊው «አከረመ» ሲሆን፣ ከብቱን ወይም እህሉን እስኪያልፍ ድረስ ደኅና አድርጎ ማቆየት ማለት ይሆናል። የተሽከርካሪ ቤት ባለቤት በኅዳር የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ መኪናውን ያከርማል።

የውርጭ ቃላት ግን ከዚህ ይልቅ ያስቸግራሉ። በዕለት አነጋገር «በረዶ» የምንለው ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ባዘቶ መስሎ የሚነጠፈውን፣ እንዲሁም በዕቃ ውስጥ የሚረጋውን ውሃ ሁሉ ነው። ግእዝ ይለይ ነበር፤ በረድ፣ ሐመዳና አስሐትያ እያለ። የአገራችን ደጋ ለዚህ ባዳ እንዳልሆነም ጥንታዊ ምስክር አለ። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት ከአዱሊስ የገለበጠው የጽርእ ጽሑፍ ስለ ሰሜን ተራሮች ሲናገር እስከ ጉልበት የሚያሰጥም በረዶ እንዳለባቸው ይገልጻል። ይሁን እንጂ ቧንቧ ከዚያ ተራራ አልወጣም። አልፍሬድ ኢልግ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ካመጣ ወዲህ የተስፋፋው የሙያ ቃል፣ ከኢጣልያንኛ የወሰድነው ቱቦና ሩቢኔት ጭምር፣ የረጋ ውሃ ብረት በማይሰነጥቅበት አየር የተለመደ ነው። ቧንቧ በአዲስ አበባ ይዝጋል፣ ይደፈናል፣ ይጠፋል፤ በውርጭ አይፈነዳም። ስለዚህ በመመሪያ ውስጥ «በረዶ ከመጣሉ በፊት» ማለት አይገባም። ከሰማይ የወረደው ቧንቧውን አይነካውም፤ ጠላቱ በውስጡ የሚረጋው ውሃ ነው።

ውሃ ሲረጋ መጠኑ ዘጠኝ ከመቶ ያህል ይጨምራል። ፍሎሬንስ ከ1657 እስከ 1667 የቆየው የቺሜንቶ አካዳሚ ሊቃውንት ውሃ የተሞሉ የብረታ ብረት ሉሎችን በማርጋት ሲሰነጠቁ አሳይተዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኩቤክ አንድ የመድፈኛ መኰንን ውሃ የሞላባቸውን የብረት ቦምቦች ደፍኖ ሌሊት በውጭ አሳደራቸው፤ ውርጩ ውታፋቸውን አስፈንጥሮ ጣለው። ለብዙ ዘመን ከዚህ የተወሰደው ትምህርት በረዶው የቧንቧውን ግድግዳ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል የሚል ነበር። በ1996 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደው ጥናት ግን ነገሩ ጠለቅ ያለ መሆኑን አመለከተ። በረዶው በቧንቧው ርዝመት እያደገ ሲሄድ፣ በእሱና በተዘጋው ሩቢኔት መካከል የታሰረውን ፈሳሽ ውሃ ይጨምቀዋል። ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶ በሌለበት ቦታ ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች ወደ 7 ዲግሪ ሲወርድ መሆኑን ጥናቱ ይገልጻል። ሠራተኞች በልምድ ያውቁት የነበረው ነገር፣ መስመሩን ባዶ አድርጎ ሩቢኔቱን ከፍቶ የመተው ዘዴ፣ ምክንያቱ በዚህ ግልጽ ይሆናል። መውጫ ያለው ውሃ ግፊት አይፈጥርም።

ሁለተኛው ዘዴ ከመኪና ሞተር የመጣ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነጂዎች በራዲያተር ውስጥ አልኮል፣ ግሊሰሪን፣ የጨው ውሃ፣ እንዲያውም ማር ሞክረዋል። አልኮሉ ይተናል፤ ጨው ብረት ይበላል፤ ስለ ማሩ ዝም ብንል ይሻላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሻርል አዶልፍ ቩርትስ በ1850ዎቹ ያገኘው ኤቲሊን ግላይኮል በ1927 «ፕሬስቶን» በሚል ስም ለገበያ ሲቀርብ ችግሩ ለሞተሩ ተፈታ። ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ ግን አልተፈታም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናመጣዋለን።

በዚያን ጊዜ የሚጠበቅ ቧንቧ ያለው መኪና ጥቂት ነበር። ፒርስ አሮው የተባለው ድርጅት በ1910 ያሳየው የጉዞ መኪና መታጠቢያ ሳሕንና ፖፖ ነበረው፤ የሚረጋ የቧንቧ መስመር ግን አልነበረውም። የኤርስትሪም ድርጅት በ1936 ያወጣው «ክሊፐር» የተባለ ተጎታች ቤት የራሱን ውሃ ይዞ ይጓዝ ነበር። ይህ ወገን ሞተር ስለሌለው «ተጎታች ቤት» እንለዋለን። የአገራችን ሰውም አይቶታል፤ በ1959 ከኬፕታውን ተነሥቶ በ1960 ካይሮ የገባው የዋሊ ባያም ጓድ አርባ አንድ ተጎታች ቤት ይዞ በኢትዮጵያ ሲያልፍ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለውታል። «ሞተር ሆም» የሚለው ስም በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን በሬይመንድ ፍራንክ ሥራ ታወቀ። በ1966 በአዮዋ ግዛት ፎረስት ሲቲ ዊኒቤጎ የተባለው ድርጅት በርካሽ ማምረት ከጀመረ በኋላ ተሽከርካሪ ቤት የብዙኃኑ ዕቃ ሆነ። አዮዋ በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረሱ የማይደንቅበት አገር ነው፤ ኤልክሃርት፣ የዚህ ኢንዱስትሪ ዋና ከተማ፣ የምትገኘውም በዚያው ቀዝቃዛ ቀጠና በኢንዲያና ነው። የሚያስደንቀው የፋብሪካው አገር ራሱ ለፋብሪካው ውጤት ጠላት መሆኑ ነው። በመኖሪያ ቤት ግድግዳው ወፍራም፣ ምድጃው የማይጠፋ ነው። ተሽከርካሪ ቤት ግን ግድግዳው ስስ፣ ወለሉ ከምድር ከፍ ያለ፣ ቧንቧው ቀጭን ሆኖ ወራቱን ያለ እሳት ይቆማል። ማሞቅ ስለማይቻል ማክረም የግድ ሆነ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ የእጣቢውና የመጸዳጃው ፍሳሽ ታንከሮች በተፈቀደ ቦታ ይወገዳሉ። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞና ግፊቱ ተለቅቆ ይፈስሳል፤ በሙቅነቱ ማፍሰሻውን የከፈተ ሰው ይቃጠላል። የንጹሕ ውሃው ታንከር ይፈስሳል፤ በመስመሩ ዝቅተኛ ቦታ ያሉት ማፍሰሻዎችና ሩቢኔቶቹ ሁሉ ይከፈታሉ፤ የማጣሪያው ልብ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቦይለሩ በቫልቭ ከመስመሩ ይለያል። ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የተለመደው ቦይለር 6 ወይም 10 ጋሎን ይይዛል፤ ካልተለየ የሚገባው ፈሳሽ ሁሉ በእሱ ሆድ ይቀራል፤ ተለይቶ ከሆነ ግን ለመስመሩ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ጋሎን ይበቃል። ቀጥሎ የመኪናው ፓምፕ ፈሳሹን ከጎንዮሽ ይስባል፤ ሩቢኔቶቹ ለፓምፑ ከሚቀርበው ጀምሮ አንድ በአንድ፣ የሙቁም የቀዝቃዛውም፣ ሮዝ ቀለም እስኪወጣ ይከፈታሉ። የገላ መታጠቢያውና መጸዳጃውም አይቀሩም። በመጨረሻ በየሳሕኑ ሥር ባለው ሲፎን ትንሽ ይጨመራል፤ በዚያ ክርን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራልና። በፈሳሽ ፋንታ ወይም ከእሱ በፊት በኮምፕረሰር አየር የሚነፉም አሉ፤ ግፊቱ ግን ከጎማ በጣም ያነሰ፣ ከ30 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ሊሆን ይገባል።

ወደ መርዙ እንመለስ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ኦክሳሊክ አሲድ ይለወጥና ኩላሊትን ያበላሻል። ከወለል ላይ የላሱት ውሾችና የቀመሱት ሕፃናት ሞተውበታል። የኦሪገን ግዛት በ1991 መራራ ቅመም እንዲጨመርበት በሕግ አዘዘ፤ በ2012 ደግሞ የአሜሪካ አምራቾች ይህን በፈቃዳቸው ለአገሩ ሁሉ አደረጉት። ለውሃ ቧንቧ የሚገባው ሮዝ ፈሳሽ ግን ሌላ ነው፤ መሠረቱ ፕሮፒሊን ግላይኮል ሲሆን፣ በምግብ ውስጥ እንኳ በመጠን የተፈቀደ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱን «አንቲፍሪዝ» ይላቸዋል፤ የሚለያቸው በማሸጊያው ላይ ያለው ተቀጽላ ነው። ያ ተቀጽላ በትርጉም ቢወድቅ አንባቢው ቤተሰቡ በሚያዝያ በሚጠጣበት ቧንቧ ውስጥ መርዝ ሊጨምር ይችላል። ቀለምም አያስተማምንም፤ ሮዝ የሆነ የሞተር ፈሳሽም ይሸጣልና።

ስለዚህ ሁለት ስም እንዲኖር እንሻለን። ለሞተሩ «ጸረ ውርጭ» ይሁን። «ጸረ ተባይ» ከሚለው ጋር መዋሉ እዚህ ጥቅም ነው፤ ሰሚው የማይቀመስ ነገር መሆኑን ከስሙ ይጠረጥራል። ለውሃ መስመሩ «ማክረሚያ» ይሁን፤ ቃሉ ከመክረሚያ ስንቅ ጋር ዘመድ ስለሆነ ለሆድ ባዳ አይደለም። በማሸጊያው ላይ «እስከ −50 ፋራናይት» የሚለውም ሲተረጎም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቍጥሩ የሚናገረው ቧንቧው እስከዚያ ድረስ እንደማይፈነዳ ነው እንጂ ፈሳሹ እንደማይረጋ አይደለም፤ ማክረሚያው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ እንደ ልል ገንፎ ይወፍራል፣ መስመሩን ግን አይሰነጥቅም።

በ«ማክረም» ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። «የከረመ ቧንቧ» ሲባል ሰሚው ያረጀ ቧንቧ ሊመስለው ይችላል፤ ይህ እውነት ነው፤ በዚህ ቦታ «ለመክረም የተዘጋጀ» ብሎ ማስረዘሙ ይሻላል። ሌላው ሥራውን የሚሠራው ሰው «አክራሚ» ሲባል የአንድ ፊደል ግድፈት «አክራሪ» ሊያደርገው መቻሉ ነው፤ ይህን ለአራሚዎች ትተነዋል። በመዝገበ ቃላቱም ቃሉ እንዲህ እንዲፈታ እናቀርባለን፦ «ማክረም፤ የተሽከርካሪ ቤትን፣ የጀልባን ወይም ሰው የማይኖርበትን ቤት የውሃ መስመር፣ ውርጭ እስኪያልፍ ድረስ ውሃውን አውጥቶ ወይም በማክረሚያ ተክቶ ማቆየት። ማስታወሻ፦ ወቅቱ በሰሜን አሜሪካ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ ከሰኔው ክረምት ጋር አይምታታ።»