ራፖር ጸሐፊውና የሚስጥር ቁጥሩ

ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ከታይፕራይተሩ ጋር የሚውለውን ራፖር ጸሐፊ የማያስታውስ ትልቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ባለጉዳዩ በደሉን ይዘረግፍለታል፤ ጸሐፊው “ለተከበረው ፍርድ ቤት” ብሎ ይጀምራል፤ ሲያበቃ ባለጉዳዩ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። በስሙ ምን እንደ ተጻፈ አጥርቶ የሚያውቀው ግን ጸሐፊው ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት የሞባይል ሱቅ ብገባ ያው ጸሐፊ ተመልሶ አገኘሁት። አሁን ዕድሜው ከሃያ ብዙም አይዘልም። ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ስልካቸውን አቀበሉት።

“እማማ፣ ሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩኝ።”

“አንተው ታውቀው የለም እንዴ ልጄ? ያው የበኩር ልጄ የተወለደበት ቀን ነው!”

ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ሰማን። ልጁ ጨዋ ነበር፤ ብሩን ላከላቸው፣ ቀሪ ሒሳባቸውን ነገራቸው፣ መርቀውት ወጡ።

እኚህ እናት በመዝገብ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ የቴሌብር ደንበኛ ናቸው። አገልግሎቱ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸው ሲነገር እሳቸውም አንዷ ሆነው ተቆጥረዋል። ከእነዚህ ሁሉ ስንቱ በገዛ እጁ እንደሚጠቀም ቆጠራው አይጠይቅም።

የጥናቱ ዓለምም ወደዚህ ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የዲጂታል ክፍተትን ሲያጠና የሚቆጥረው ኮምፒውተርና ሞደም ያለውን ቤተሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ጥናቷን ያሳተመችው ተመራማሪዋ ኤስተር ሃርጊታይ ግን የኒው ጀርሲ ነዋሪዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ፣ ይህንና ያንን ከኢንተርኔት ፈልጉ ብላ ሰዓት ያዘችባቸው። አንዱ በሰከንዶች ያገኘውን ሌላው ጨርሶ ሳያገኘው ቀረ። ይህንን ሁለተኛ ደረጃ ክፍተት አለችው። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ያን ቫን ዳይክም መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ፍላጎት፣ ከተገዛ በኋላም ችሎታና አጠቃቀም የሚባሉ እርከኖች እንዳሉ ጻፈ። እኛ ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር መጠበቅ አላስፈለገንም፤ በፊደል አይተነዋል።

በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ አንድ ሙያ አልነበሩም። ልጁ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሀሁን፣ አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደግማል፤ ለብዙው ሰው መማር ማለት እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ መጻፍ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ይከበራልም ይጠረጠራልም። ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ አድሮ፣ የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ሙላ ሲባል ሰው የሚፈልግ ወጣት ባየሁ ቁጥር ዳዊት ደጋሚው ትዝ ይለኛል።

ዋናው ነገር ግን ያለው የደርግ ዘመኑ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ዘመተ፤ ሽማግሌው የልጅ ልጁ እኩያ ፊት ቁጭ ብሎ ሀሁን ቆጠረ። ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል ተጽፈው። ዘመቻው በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የቀበሌ ግዳጅ እንደ ነበረበት፣ ፕሮፓጋንዳም እንደ ተጫነው አልዘነጋም። ያም ሆኖ ዛሬ ብዙ ባለሙያ የሚስተው ነገር ገብቶት ነበር፦ ሰው አፉን በፈታበት ቋንቋ፣ አጠገቡ በተቀመጠ ሰው ይማራል።

የከሸፈው በማግስቱ ነው። ክረምቱ አልፎ ዘማቹ ሲመለስ በገበሬው ቤት የሚነበብ ወረቀት አልነበረም። ድኅረ መሠረተ ትምህርት ተብሎ የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ፤ የእርስ በርስ ጦርነቱና የ1977ቱ ድርቅ ግን ለንባብ ፋታ አልሰጡም። ከተማሩት ብዙዎቹ ፊደሉ ጠፋባቸው፤ ወደ አውራ ጣታቸው ተመለሱ። (ምፀቱ፣ ዛሬ በፋይዳ መታወቂያ ፕሮፌሰሩም ሚኒስትሩም የጣት አሻራ ይሰጣሉ።)

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ‘ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ’ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ በካርቶን የታሸጉ ታብሌቶችን ያለ መምህር አስቀመጠላቸው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ያገኘው በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ በአምስት ወር ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። የልጆቹን ብልሃት እኔም አደንቃለሁ። ነገር ግን ታብሌቱ ውስጥ የጠበቃቸው እንግሊዝኛ ነበር፤ የኦሮሞ ገበሬ ልጆች የኤቢሲዲ መዝሙር ዘመሩ። ዘመቻው በ15 ቋንቋ የሠራውን ይህ ሙከራ በአንድ የባዕድ ቋንቋ ጀመረው።

ብዙ ያልተወራለት 8028 ይበልጥብኛል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ የገበሬዎች የስልክ መስመር ነው። ተራ ስልክ ይበቃዋል፤ ገበሬው ይደውላል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚነግረውን ድምፅ እየሰማ ቁጥር ይጫናል፣ ስለ አዘራር ወይም ስለ ማዳበሪያ ምክር ያዳምጣል። ማንበብ አይጠይቅም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ 69 በመቶ ነበሩ። ማንበብ ለማትችለው ሴት የባንክ ማሳሰቢያ በጽሑፍ መልእክት መላክ የታሸገ ደብዳቤ መላክ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በጎ ነው፤ ኮርሱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን የሚጠቅመው ደጁን አልፎ የገባውን ነው። በዲጂታል የመጠቀም ግዴታው ግን ሁሉንም ቀድሞ ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ሲታዘዝ፣ መክፈል ይችላሉ ወይ ብሎ ጠይቆ አሽከርካሪዎቹን ቀድሞ ያስተማረ አላየሁም። ፊደላችን የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ከገባ ስንት ዘመን ሆነ፤ በቋንቋችን አልተሠራም ለማለት የቀረ ሰበብ የለም።

በየክረምቱ የአረጋውያንን ቤት የሚያድሱ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አሉን። ቀበሌና ወረዳ ከእነዚህ ጥቂቱን፣ ግማሽ ቀን እንኳ፣ ከእነዚያው አረጋውያን አጠገብ ከነስልካቸው ቢያስቀምጧቸው ወጪው ከቀለም አይበልጥም። በቀጣዩ ክረምት ተመልሰው ይጠይቋቸው እንጂ፤ የ1971ዱ ስህተት እንዳይደገም።

እስከዚያው እርስዎም፣ እናትዎ ስልካቸውን ሲያቀብሉዎት አይቀበሏቸው። አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ሚስጥር ቁጥሩን እሳቸው ይጫኑ፣ እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ።