የአደን ጠመንጃ ክብደትና የአዋሽ በረሃ

ከአዋሽ ሰባት ተነሥቶ በአሰብ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አዋሽ አርባን ሲያልፍ በስተምሥራቅ በኩል የአለደጌ ሜዳ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ሜዳው ጥላ የለውም፤ ውሃውም ሩቅ ነው። እንዲህ ባለ አገር በእግሩ የሚሄድ አዳኝ በትከሻው የሚያነግተው እያንዳንዱ ኪሎ በውሃ ይመነዘራል። ጠመንጃው በአንድ ኪሎ ከከበደ ከስንቁ አንድ ሊትር ውሃ ይጎድላል። ስለዚህ የአደን ጠመንጃ ክብደት ታሪክ የብረትና የእንጨት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሰው በበረሃ ውስጥ ምን ያህል ሊርቅ እንደቻለ፣ አውሬውም ከሰው ምን ያህል ሊሸሽ እንደቻለ የሚያስረዳ ታሪክ ጭምር ነው።

የአፋር በረሃ ከጥንት ጀምሮ የጦር መሣሪያ መተላለፊያ ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች መካከል ስሙ የገነነው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ያረጀ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አራት ወር ያህል ተጉዞ አዋሽን በመሻገር አንኮበር ደረሰ፤ ጠመንጃውንም ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ። በዚያ ዘመን የጠመንጃ ክብደት ብዙ አያነጋግርም ነበር። በመንገድ የሚሸከመው ግመል ነው፤ በአደን ጊዜም መኳንንቱ መሣሪያቸውን የሚያሸክሙት ለጋሻ ጃግሬ ነበር። መሣሪያውን የሚመርጠውና የሚሸከመው ሰው የተለያየ በሆነበት ቦታ ሁሉ ሸክም ለማቅለል የሚተጋ አይገኝም።

ከዚያ ዘመን መሣሪያዎች በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1874 በፈረንሳይ ጦር ከተመደበው የግራ ጠመንጃ ነው። ርዝመቱ 1.30 ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። አንዱ ጥይት ከነቀለሁ 44 ግራም ያህል ይመዝናል። መቶ ጥይት የታጠቀ ሰው እንግዲህ ከጠመንጃው ሌላ 4.4 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። በጥቁር ባሩድ የሚተኮስ በመሆኑ ከአንድ ተኩስ በኋላ ጢሱ የተኳሹን ዓይን ይጋርዳል፤ ያለበትንም ቦታ ያጋልጣል። ባለ ውጅግራ ሳላ ለመግደል ከፈለገ አድብቶ መቅረብ፣ በአንዲቱም ጥይት አለመሳት ነበረበት።

ለውጡን ያመጣው ጢስ አልባው ባሩድ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን ባሩድ ካስገኘ በኋላ በ1886 የ8 ሚሊ ሜትሩ የለበል ጠመንጃ ተሠራ፤ ሌሎቹም መንግሥታት ተከተሉ። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ሆኖ በሰከንድ 450 ሜትር ይወነጨፋል። የባሩዱን ጋዝ ድርሻ ለጊዜው ትተን ብናሰላ፣ 4.2 ኪሎ የሚመዝነው ጠመንጃ በሰከንድ 2.7 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ተኳሹ ትከሻ ይመለሳል። የጣሊያኑ የካርካኖ ጠመንጃ የ6.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ግን 10.5 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ነው። ይህን እርሳስ የሚተኩስ መሣሪያ በዚያው ፍጥነት እንዲመለስ ከተፈለገ 2.7 ኪሎ ቢመዝን ይበቃዋል። ጠመንጃን ያቀለለው ስለዚህ የአናጢው መላጊያ ሳይሆን የእርሳሱ ማነስ ነው። የጥይቱም ክብደት ወደ 23 ግራም ስለ ወረደ፣ ከመቶ ጥይት ላይ ሁለት ኪሎ ያህል ይተርፋል፤ ይኸውም ሁለት ሊትር ውሃ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥይት አጭር ጠመንጃ ለመሥራት በር ከፈተ። ከጣሊያን ወረራ ዘመን በኋላ በአገራችን የቀረው የካርካኖ የፈረሰኛ ጠመንጃ 92 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 3 ኪሎ ያህል ክብደት ነበረው። በውጭው ዓለም ደግሞ ዋልተር ቤል የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ፣ በጋምቤላ በጊሎ ወንዝ ዳር ጭምር ያደነ ሰው፣ በ6.5 እና በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃዎች በርካታ ዝሆኖችን ገደለ። ቤል የአውሬውን የአካል አሠራር አጥንቶ እርሳሱን በትክክለኛው ቦታ ያሳርፍ ስለነበር ተሳካለት። ጠመንጃውን እንጂ ዕውቀቱን ያልወረሱት ግን ብዙ አውሬ አቁስለው ለስቃይ ዳርገዋል።

በአዋሽ በረሃም የጉዞው ጠባይ ተለወጠ። የምድር ባቡር ሐዲድ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የአዋሽ ጣቢያ የአሳሾች መነሻ ሆነ። የማዕድን መሐንዲሱ ኔስቢት በ1920 ዓ.ም. ከዚያው ተነሥቶ የአፋርን ምድር ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋረጠ። አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገር ከንግሥ በዓሉ በኋላ በ1923 ዓ.ም. በዚያው በረሃ አደነ፤ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽን መድረሻ ፍለጋ ተጉዞ ታጁራ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ቅለት ያለ ዋጋ አይገኝም። ጠመንጃ ባጠረ ቁጥር ድምፁና የአፈሙዙ ነበልባል ይበረታል። አፈሙዙ በሳሳ ቁጥር ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይግልና እርሳሱ ከዒላማው ይርቃል። እጅግ የቀለለ መሣሪያ ደክሞ በሚያለከልክ ሰው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ክብደት ወደ አፈሙዙ ቢያመዝን ግን ይረጋል። የበረሃው ሙቀትም የባሩዱን ግፊት ስለሚጨምር፣ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ለሞቃት አገሮች የባሩዱ መጠን የተቀነሰ ጥይት ያዘጋጁ ነበር። ዘይት የበዛበት መዝጊያ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል። አስተዋይ መራጭ እንግዲህ ጠመንጃውን ባዶውን አይመዝንም፤ ከነጥይቱ፣ ከነማንገቻው፣ ከነውሃ ኮዳው ይመዝናል፤ ከዚያም አንድ ቀን ሙሉ ተሸክሞት ከዋለ በኋላ ተኩሶ ይፈትነዋል።

ከሁሉ የከበደው ዋጋ ግን በሚዛን የሚታይ አይደለም። የውጅግራ ክብደት፣ ጢሱና ዝግታው ለአውሬው ጋሻ ነበሩ። ከ1970 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዛት የገባው ክላሽንኮቭ ይህን ጋሻ ገፈፈው። የተሻሻለው ዓይነት ባዶውን 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጥይቱ 16 ግራም ብቻ ነው፤ ካዝናውም 30 ይጎርሳል። ከአለደጌ በስተሰሜን የሚገኘው የያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበው የዱር አህያን ለመጠበቅ ነበር፤ ሆኖም ያጠኑት ባለሙያዎች እንስሳው ከፓርኩ ክልል መጥፋቱን ገልጸዋል። ጥፋቱ የጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ የግጦሽና የውሃ እጥረትም አለበት። ነገር ግን የደከመውን እንስሳ በቀላሉ የጨረሰው ቀላሉ መሣሪያ መሆኑ አይካድም።

መሣሪያው የተወውን ገደብ ሕግ እንዲተካው ተሞክሯል። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በሕግ ተከልሏል። የዱር እንስሳት አጠባበቅ በአዋጅ ቁጥር 541/1999፣ የጦር መሣሪያ አያያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተደንግጓል። ፈቃድ፣ ኮታና የአደን ክልል ድሮ ክብደት ይሠራው የነበረውን ሥራ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው።

መሐንዲስ ማንኛውንም ሸክም ሲያቀልል ሸክሙ ወደየት እንደ ዞረ መጠየቅ ልማዱ ነው። ከአዳኙ ትከሻ የወረደው ኪሎ ጠፍቶ አልቀረም፤ በአለደጌ ሜዳ ላይ በቀሩት ሳላዎችና የሜዳ አህዮች ላይ ተጭኗል። በእነርሱ ላይ የተጫነውን የማንሣቱ ኃላፊነት ደግሞ ጠመንጃውን ባቀለለውና በሚያነግተው ሰው ላይ ወድቋል።