በር ላይ የቆመው እንግዳ፤ ሥራ ፈላጊና የኪራይ ቤት በአዲስ አበባ ታሪክ

የአዲስ አበባን ሰፈሮች ስም በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ ስሞቹ ራሳቸው የከተማይቱ የቤት ታሪክ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ሲባል፣ ሰው በማን ጥላ ሥር ገብቶ እንዳደረ ይታወቃል። ዶርዜ ሰፈርና ወሎ ሰፈር የአገር ልጅነትን ያስታውሳሉ። ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የዚያን አገር የመንግሥት ሠራተኞች በቤት ለማስፈር ከተቋቋመው ድርጅት ምሕጻረ ቃል፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» ነው። ፖፖላሬም ከዚያው ዘመን የቀረ፣ ለተራው ሠራተኛ የሚሠሩ ቤቶች የሚጠሩበት የጣሊያንኛ ቃል ነው። እንግዲህ ጌታ፣ የአገር ልጅ፣ መንግሥት፤ ለሥራ የመጣ ሰው በዚህች ከተማ ማደሪያ ያገኘው ከሦስቱ በአንደኛው በኩል ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በቃሉ የጥንት ትርጉም ሰፈር ነበረች። ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ሲመራ፣ ወታደሩና አሽከሩ ደግሞ በየጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ተከለ። በዚያ ዘመን ከሩቅ የመጣ ሰው የሚጠየቀው ገንዘብ ሳይሆን የማን ሰው እንደሆነ ነበር። የማደሪያውንም ዋጋ በአገልግሎት ይከፍል ነበር። እንጨት ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ቢደረስም፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በቦታዋ አጸናት። የባሕር ዛፍ ግንድና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ቆይቶም የቆርቆሮ ክዳን ተደምረው የአዲስ አበባን ተራ ቤት ፈጠሩ። የሙያው ሰዎች እንደሚያውቁት ጭቃ ቤት ለመሥራት ርካሽ፣ ለማቆየት ግን ውድ ነው። በየክረምቱ ልስኑ ይረግፋል፤ የግንዱ ሥር ይበሰብሳል። ይህ ጉዳይ ኋላ ከሚነገረው ነገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በ1900 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በግል ርስትነት እንዲያዝ በተፈቀደ ጊዜ፣ ለአገልግሎት የተመራው ግቢ የሚሸጥ፣ የሚወረስና የሚከራይ ንብረት ሆነ። አሽከር የነበረውም ሰው ወይም ልጁ ቀስ በቀስ ተከራይ ሆነ።

የኪራይ ቤት ዘመን በትክክል የደራው ግን ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ሲበዙ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣው ሰው በዛ፤ አብዛኛው የከተማ ቦታ ግን በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር። ከትልቁ ቤት በስተጀርባ በረድፍ የተሠራው ሰርቪስ ቤት የዚህ ዘመን ምልክት ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ የጋራ ቧንቧ፣ የጋራ መጸዳጃ። አከራይዋ እመቤት «የማን ልጅ ነህ? የት ትሠራለህ? ዋስ የሚሆንህ ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ካላረካት ክፍሉ ተይዟል። ከገባም በኋላ መብራት የሚጠፋበትና የግቢው በር የሚዘጋበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ብቻዋን ለመጣች ሴት ፈተናው የባሰ ነበር፤ ወንዱ ዋስ ሲጠየቅ እርሷ ስለ ጠባይዋም ትጠየቃለች። ከገጠር የመጡት ብዙዎቹ ሴቶች በሰው ቤት ተቀጥረው ማድ ቤት ውስጥ ያድሩ ስለ ነበር፣ ቤት ፈላጊ ተብለው እንኳ አልተቆጠሩም።

ዋስ የሌለው ሰው ያለው መንገድ አንድ ነበር፤ የአገሩ ልጅ ወደ አለበት መሄድ። የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ደርሶ የወገኑን ሸማ መሥሪያ ጉድጓድ ሲያገኝ፣ ሥራና ማደሪያን በአንድ ቀን ያገኛል። ከጉራጌ አገር የመጣው ወጣትም በመርካቶ በሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ያድር ነበር። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው ከዘመዱ እጅ በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም። ማደሪያ የሰጠው ሰው የሥራውንም ዋጋ ይወስንለት ነበርና።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ናደው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ግለሰብም ከቤት ኪራይ ገቢ እንዳያገኝ ተደነገገ። እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ሲቀንስ፣ ቅናሹ ለዝቅተኛው ተከራይ ከፍ ያለ ነበር። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ትናንት በእመቤቲቱ ፊት ተሸማቆ ይቆም የነበረው ተከራይ ማልዶ ሲነሣ የሚያስወጣው ሰው አልነበረም። የዚህን ነፃነት ዋጋ ማሳነስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ነገር ግን አዋጁ በቤት ውስጥ ያገኘውን ሰው ጠበቀ እንጂ ነገ ለሚመጣው ቤት አልሠራም። ለማከራየት መሥራት ክልክል በመሆኑ ግለሰብ መሥራቱን ተወ፤ መንግሥትም የግለሰቡን ያህል አልሠራም። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ልስኑን ለማደስ እንኳ ስለማይበቃ፣ ከላይ የተጠቀሰው የጭቃ ቤት ጠባይ ሥራውን ሠራ፤ ቤቶቹ በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ። ኪራዩ ርካሽ የሆነለት ሰው ቤቱን ስለማይለቅ፣ በዝውውር ወደ አዲስ አበባ የተመደበ መምህር ወይም ጸሐፊ የሚከራየው ክፍል አጣ። ስለዚህ ደባል ገባ። ደባልነት ስሙ መጠጋት ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ኪራይ ነበር፤ ደረሰኝ የሌለው፣ በሕግ የማይታወቅ ኪራይ። በአንዳንድ ቤት ከጣሪያው ሥር ቆጥ ተሠርቶ እርሱም ተከራየ።

በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤትና ቁጠባ ባንክ ለቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በዝቅተኛ ወለድ ያበድር ነበር፤ ብዙ የሙያ ባልደረቦችም ዛሬ ያሉበትን ቤት የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ይሁንና ማኅበር ለመግባት አስቀድሞ የቀበሌ ነዋሪ መሆን፣ ቁጠባ መያዝ፣ ወረፋ መጠበቅ ያሻል። እንግዳ ሰው ሦስቱም የሉትም።

በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ቤቶች ምዝገባ ሲከፈት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ ቤቱም በዕጣ ይታደል ጀመር። ዕጣ ከዝምድና ይልቅ ፍትሐዊ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም በዕጣው የሚገባው የከተማይቱ ነዋሪ ነው። አዲስ መጥ ሠራተኛ በጀሞ ወይም በጎተራ አፓርትማ ውስጥ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የባለ ዕድለኛው ተከራይ ሆኖ ነው፤ ያገናኘውም ደላላ ነው። የሰርቪስ ቤቱ እመቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጣች ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ወስኗል። የስድስት ወርና የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ቁጠር ሲባል ለኖረ ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚጠቅመው ግን ውሉን የፈረመውን ነው፤ ለፊርማ የሚያበቃውን ክፍል ፍለጋ ከደላላ ጋር የሚዞረው ሰው ከሕጉ በር ውጭ ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በሰፊው ፈረሰች። በዚያ የኖሩ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ከከተማይቱ ዳር ምትክ ቤት ሲሰጣቸው ዕቃቸውን በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። ምትክ ቤት የሚሰጠው በስሙ ውል ላለው ሰው ነው። በቆጡ ላይ ያድር የነበረው ደባል ውል አልነበረውም።