ሦስት እግር የነበረው ኮሌጅ

"ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ይለዩ" የሚለው ሐሳብ እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ ትንሽ ይገርመኛል። ትምህርት ሚኒስቴር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ብሎ ሲከፍል ሐረማያ ከ8ቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኗል። ያ ግቢ ግን ሲፈጠርም ተለይቶ ነው የተፈጠረው። መጠየቅ ያለብን ማን እንዳቀላቀለው ነው።

ሐረር ለትምህርት ባዳ ሆና አታውቅም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ጀጎል ገብቶ ስለ ከተማዋ ብዙ ክፉ ነገር ጽፏል፤ የሊቃውንት መናኸሪያ መሆኗን ግን አልካደም። ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደዚህ አካባቢ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ሲሆን የመጣውም ከኦክላሆማ ነው።

ሄንሪ ቤኔት የኦክላሆማ የግብርና ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ፕሬዚዳንት ትሩማን "ፖይንት ፎር" የተባለውን የቴክኒክ ዕርዳታ እንዲመሩ ሾሟቸው። ቀደም ብለው ኢትዮጵያን አይተው፣ ከአፄ ኃይለ ሥላሴም ጋር ተነጋግረው ነበር። በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. ቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፤ ውሉ ግን በዚያው ዓመት ተፈረመ። ትምህርቱ ጅማ ላይ ተጀምሮ ወደ አለማያ ሐይቅ ዳር ተዛወረና ንጉሡ በጥር 1950 ዓ.ም. ግቢውን መርቀው ከፈቱ።

አሜሪካኖቹ ይዘውት የመጡት ሥርዓት ሦስት እግር ነበረው፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ። ሦስቱም በአንድ ኮሌጅ ሥር ናቸው። ተማሪው ክፍል የሰማውን ማሳ ላይ ያየዋል፤ መምህሩም የገበሬውን ችግር ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ይመለሳል።

ይህ አሠራር ምን እንዳፈራ ለማወቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ማየት ይበቃል። የወሎንኮሚ ልጅ ናቸው። ኦክላሆማ ባቋቋመው የጅማ ግብርና ትምህርት ቤት ተምረው አለማያ ገቡ፤ በ1965 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። ድርቅ የሚቋቋምና አቀንጭራ የማይጥለው ማሽላ በማዳቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። በስማቸው እንኮራለን፤ ደግም አደረግን። ነገር ግን መጀመሪያ ስማቸውን ያስጠራው ድቅል ማሽላ በገበሬ እጅ የገባው ሱዳን ውስጥ ነበር።

እግሮቹ የተቆረጡት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ ደርግ የለም፣ ኢሕአዴግም የለም። በ1955 ዓ.ም. ገደማ የኤክስቴንሽን ሥራው ከኮሌጁ ተወስዶ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊው የግብርና ምርምር ለብቻው ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ለሁለቱም በቂ ምክንያት ቀርቦ ይሆናል፤ አገር ሰፊ ነው፣ አንድ ኮሌጅ ሁሉን አያዳርስም። ውጤቱ ግን ገበሬውን የሚያገኘው አንድ መሥሪያ ቤት፣ አገራዊ ምርምሩን የሚመራው ሌላ፣ የሚያስተምረው ሦስተኛ መሆኑ ነው። ኦክላሆማዎቹ በ1960 ዓ.ም. ሲወጡ ጥለውት የሄዱት በአመዛኙ ባለ አንድ እግር ኮሌጅ ነው። በማሽላና በበቆሎ ላይ ብርቱ መምህራን ምርምሩን ባያስቀጥሉ ኖሮ እሱም ባልተወራ።

ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመምህራን ትምህርትና ጤና ታከሉበት፤ ቀጥሎ ሕግ፣ ቢዝነስ፣ ምህንድስና። በዚህ ላይ ፍርዴ ድፍን አይደለም። የጤናው ዘርፍ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታልን ከዩኒቨርሲቲው ነጥሎ ማሰብ ዛሬ ለሐረር ሰው አይሆንለትም። ቢሆንም "ሁሉም ሁሉን ያስተምር" የሚለው ጉዞ የግብርናውን ግቢ ከ40 በላይ ከሆኑት አንዱ አደረገው።

በዚሁ ጊዜ ሐይቁ ደረቀ። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ሜዳ ሆነ። ለጫትና ለአትክልት የሚስበው ፓምፕ፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል፣ የከተሞቹ ፍላጎት አንድ ላይ ጨረሱት፤ ሐረርም ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ለማስመጣት ተገደደች። የአገሪቱ አንጋፋ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ሐይቁ ዳር ተቀምጧል። መምህራኑ አላጠኑም አልልም፤ አጥንተዋል፣ ጽፈዋልም። ፓምፑን የሚያዘው፣ ገበሬውን የሚያነጋግረው፣ በጀቱን የሚይዘው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነበር።

የዛሬውን ክርክር በዚህ መነጽር ነው የማየው። የመውጫ ፈተና መጣ፤ ተመራቂው ምን እንደያዘ ያሳያል። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጣ፤ በር ከፋች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በተከታታይ ዓመታት ያሳለፈው ከመቶ አሥር የማይሞላ ተማሪ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲዎች በሬሜዲያል ተማሪ ወንበር ይሞላሉ። እንግዲህ "የምርምር" የተባለው ግቢ የሁለተኛ ደረጃን ጉድለት ሲጠግን ይከርማል ማለት ነው። ራስ ገዝነትም ፕሬዚዳንት ከመምረጥና ክፍያ ከመወሰን ካላለፈ ለሐረማያ ብዙም አይፈይድም። የሚፈይደው በ1955 ዓ.ም. ከእጁ የወጣው ሥራ፣ ቢያንስ በሐረርጌ ደጋ፣ ከበጀቱና ከሥልጣኑ ጋር ቢመለስለት ነው።

ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ነገ ገበሬው ፓምፑን ይዞ ዳሩ ላይ ሲቆም ስንት ሰዓት መሳብ እንደሚችል የሚነግረው ማን ነው? ወረዳው፣ ክልሉ ወይስ ግቢው? የተልዕኮ ልየታ ሰነዱን የሚያዘጋጁ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ አንድ አንቀጽ ቢመድቡለት ደስ ይለኛል።